የታደሰች ኤስኮርት ሜክሲኮ ልግዛ? ሞተሩን ተወውና ላሜራውን ጠይቅ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እዚህ እንግሊዝ አገር አንዲት የ1972 ፎርድ ኤስኮርት ሜክሲኮ ለሽያጭ ቀርባ አየሁ። ማስታወቂያው ‹ከሥር ጀምሮ የታደሰች፣ የራሊ ደም ያላት› ይላል። ዋጋዋ 41 ሺህ ፓውንድ ነው። 30 ፎቶ አለ፤ ሁሉም ቀለም ከተቀባች በኋላ የተነሡ ናቸው። እንደ መስታወት ታበራለች። አንድ ነገር ብቻ አሳሰበኝ። የድሮው 1600 ሞተር ወጥቶ ባለ 2 ሊትር ገብቶባታል። ሞተሯ የተቀየረ ክላሲክ መኪና መግዛት ሞኝነት ነው? ገንዘቡን ያጠራቀምኩት በ6 ዓመት ነው።»

ወንድሜ፣ ከመክፈልህ በፊት መጠየቅህ ደስ አሰኝቶኛል። የ6 ዓመት ቁጠባ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሚበተን ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ነው የምመልስልህ፤ ታገሠኝ።

አጭሩ መልስ፦ ሞኝነት አይደለም። ሞተሩ እንቅልፍ አይንሳህ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በመሃል እንደ ዋዛ ያለፍካት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ፎቶዎቹ «ሁሉም ቀለም ከተቀባች በኋላ የተነሡ ናቸው» ብለሃል። እዚያ ላይ ቁም።

ለምን እንደምልህ እንዲገባህ ሜክሲኮ የምትባለው መኪና ምን እንደሆነች ላስረዳህ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኤስኮርት በ1968 ስትወጣ ቀላል የቤተሰብ መኪና ነበረች። ፎርድ ግን ወዲያው ሎተስ የተባለውን የእንግሊዝ ስፖርት መኪና አምራች ባለ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ሞተር አስገባባትና ራሊ ላይ አሰለፋት። በ1970 ከለንደን እስከ ሜክሲኮ ሲቲ የሚዘልቅ የዓለም ዋንጫ ራሊ ተካሄደ። ኤፕሪል 19 ለንደን ካለው ዌምብሌይ ተነሡ። አውሮፓን ዞሩ፣ በመርከብ ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሻገሩ፣ የአንዲስን ተራሮች ወጡ ወረዱ። ሜይ 27 ሜክሲኮ ሲቲ ሲደርሱ 26 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ተነድቷል። አንደኛ የወጡት ፊንላንዳዊው ሃኑ ሚኮላና ስዊድናዊው ጉናር ፓልም ነበሩ። መኪናቸው ኤስኮርት ናት።

አሁን ለጥያቄህ የሚጠቅመው ነገር መጣ። በዚያች መኪና ውስጥ የነበረው የሎተሱ ሞተር አልነበረም። ፎርድ እንዲህ ላለ ረጅም መንገድ ያ ሞተር በጣም ስስ ነው ብሎ አሰበ። በምትኩ «ኬንት» የሚባለውን ቀላል ሞተር ወደ 1,850 ሲሲ አሳድጎ ገጠመላት። ካምሻፍቱ ብሎኩ ውስጥ ነው፤ ቫልቮቹን በዘንግ ነው የሚገፋው። መንገድ ላይ ቢበላሽ ማንም ጎበዝ መካኒክ ይፈታዋል። እንግዲህ ልብ በል። ለሜክሲኮ ስሟን ያወጣችላት መኪና ራሷ ፋብሪካ ለገበያ ባላወጣው ሞተር ነው ያሸነፈችው።

ከዚያ ድል በኋላ ፎርድ ያንኑ ሐሳብ ለሕዝብ ሸጠው። ለራሊ የተዘጋጀውን ጠንካራ ቦዲ ወሰደ። ኮስዎርዝ የተባለው የሞተር ድርጅት ለራሊዋ ኤስኮርት አርኤስ 1600 የሠራውን ውድ ባለ 16 ቫልቭ ሞተር ትቶ 1,598 ሲሲ የሆነውን ኬንት ገጠመ። 86 የፈረስ ጉልበት ነበረው። መኪናዋን ሜክሲኮ አላት። የተሠራችው ኤሴክስ ውስጥ አቬሊ በሚባል ቦታ፣ ፎርድ ለእንዲህ ዓይነት ልዩ መኪኖች ብቻ ባቋቋመው አነስተኛ ፋብሪካ ነው። የፋብሪካው ስም በአጭሩ «ኤ ቪ ኦ» ይባላል። በ1970 ተከፍቶ በ1975 መጀመሪያ ተዘጋ።

ስለዚህ ሜክሲኮ ማለት ጠንካራ ቦዲና ቀላል ሞተር ማለት ነው። ሞተሩን ብታወጣው አሁንም ሜክሲኮ ናት። ቦዲውን ብታወጣው ግን የቀረህ ወረቀትና የብረት ስም ብቻ ነው።

ያ ቦዲ «ታይፕ 49» ይባላል። ከሩቅ ስታየው ከተራው ባለ 2 በር ኤስኮርት ብዙም አይለይም። የፊት ፓራፋንጎው ትንሽ ወደ ውጭ ገፋ ብሏል። ዋናው ልዩነት የተደበቀ ነው። ኮፈኑን ስትከፍት ግራና ቀኝ የፊት አሞርዛተሮቹ ጫፍ ከላሜራው ጋር የሚታሠሩበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ተጨማሪ ወፍራም ላሜራ ተበይዷል። ከሥር ያሉት የሻንሲ እጆችም ተጠናክረዋል። የኋላውን አክስል ባሌስትራ ብቻ አይደለም የሚይዘው። ወደፊትና ወደኋላ እንዳይንሸራተት የሚያግዱ ሁለት ዘንጎች አሉ፤ የእነሱም ማሠሪያ ከሥር ተበይዷል።

ይህ ሁሉ ለጌጥ የተደረገ አይደለም። መኪና ከጉብታ ላይ ተነሥታ ስታርፍ ምቱ በአሞርዛተሩ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ላሜራው ደካማ ከሆነ ጫፉ መጀመሪያ ያብጣል። ከዚያ ይሰነጠቃል። በ1972 ሚኮላና ፓልም በኤስኮርት አርኤስ 1600 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ ሲያሸንፉ፣ ከውጭ መጥቶ ያን ራሊ ያሸነፈ ሹፌር ከዚያ በፊት አልነበረም። ያን አቧራና ድንጋይ የቻለው ሞተሩ ብቻ አይደለም። ይህ ላሜራ ነው። በዚያው ዓመት ኤስኮርት የብሪታንያን አርኤሲ ራሊ አሸነፈች፤ ከዚያ እስከ 1979 ድረስ፣ በኋላ በወጣው ሞዴል ጭምር፣ 8 ዓመት ሙሉ ማንም አልነጠቃትም። ማስታወቂያው «የራሊ ደም» ሲል ይህን ማለቱ ነው። ደሙ ያለው ላሜራው ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ፎቶው እንመለስ። ይህች መኪና ተፈላጊ ስለሆነች ብዙ ጊዜ በውሸት ትሠራለች። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ተራ ባለ 2 በር 1100 ወይም 1300 ኤስኮርት ትወስዳለህ። «ኤስኮርት ስፖርት» ከተገኘች ደግሞ የበለጠ ይቀላል፤ እሷ ከፋብሪካ ስትወጣም ያው ገፋ ያለ ፓራፋንጎ አላት። በጎኗ የሜክሲኮን መስመር ትለጥፋለህ። አርማ ይሸጣል። መሪው ይሸጣል፣ ወንበሩ ይሸጣል። ከኮፈኑ ሥር የሚታሠረው የስም ሰሌዳ እንኳ አዲስ ተቀርጾ ይሸጣል። ቀለም ከተቀባች በኋላ ከሜትር ርቀት ለይቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ይበልጥ ያሳዝናል። መኪናዋ እውነተኛ ሜክሲኮ ነበረች። ነገር ግን ራሊ ላይ ተሰባበረች፣ ወይም ዝገት ጨረሳት። ባለቤቷ ወረቀቱን ይዞ ቦዲውን ጣለና ተራ ቦዲ ተካበት። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ይህ ብዙ ተደርጓል። ያኔ ማንም ክፉ አስቦ አላደረገውም፤ አሮጌ ኤስኮርት እንደ ልብ የሚገኝበት ዘመን ነበር። ዛሬ ግን ልዩነቱ የብዙ ሺህ ፓውንድ ነው። አዲስ ሙሉ ቦዲም ዛሬ እየተሠራ ይሸጣል። በራሱ ጥፋት የለውም። ጥፋቱ ገዢው ሳይነገረው ሲቀር ነው።

መኪና በእውነት ያደሰ ሰው ፎቶ አለው። ይህን ከልምድ ነው የምነግርህ። አንድን ቦዲ እስከ ባዶ ብረት ገፍፎ፣ የበሰበሰውን ቆርጦ፣ አዲስ ላሜራ በይዶ፣ ዓመት ሁለት ዓመት የለፋ ሰው በየሳምንቱ ፎቶ ያነሣል። ያ ልፋቱ ነው። ሊያሳይህ ይቸኩላል፤ ቡናህን ሳትጨርስ አልበሙን ያመጣልሃል። 30 የቀለም ፎቶ አውጥቶ አንድም የብየዳ ፎቶ የሌለው ሻጭ ሁለት ዓይነት ነው። ወይ መኪናዋን ከሌላ ሰው ስለገዛት ምን እንደተደረገ አያውቅም። ወይ ያውቃል።

እኔ በዚህ ነገር ተቃጥያለሁ። ከዓመታት በፊት ለራሴ አንዲት የታደሰች ኤስኮርት ገዛሁ። ቀይ ነበረች። ሻጩ ጨዋ ሰው ይመስላል፤ የቀለም ደረሰኝም አሳየኝ። ሁለት ክረምት አለፈ። ከፊት መብራቷ በላይ ትንሽ አረፋ አየሁ፤ የእህል ፍሬ ታህል ነበር። በጣቴ ጫን ስለው ተሰበረ። ከዚያ ከበሩ ሥር ያለውን ሳጥን መሰል ላሜራ ቆርጬ ከፈትኩት። አዲሱ ላሜራ በበሰበሰው ላይ ተደርቦ ነበር የተበየደው። ውስጡ የቡና አተላ የመሰለ ዝገት ሞልቶታል። ከውስጥ የሚበላው ሳይወጣ ከላይ ቢሸፈን እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል፤ ጭራሽ ያፋጥነዋል። መኪናዋን እንደገና ለመሥራት 14 ወር ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ የቀለም ደረሰኝ ብቻ ይዞ የሚመጣን ሻጭ አላምንም።

ልታያት ስትሄድ በጠዋት ሂድ፣ ዝናብ በሌለበት ቀን። እርጥብ ቀለም ሁሉን ነገር ያሳምራል። አሮጌ ልብስ ልበስ፤ መሬት ላይ ትተኛለህ። የእጅ ባትሪና የፍሪጅ ላይ ማግኔት ያዝ። ማግኔቱን በስስ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ቀለሙን እንዳትጭር። የኋላ ጎማውን ከከበበው ቅስት ጀምር፤ ኤስኮርት እዚያ ላይ ትበሰብሳለች። ከዚያ የፊት ፓራፋንጎውን የታች ጫፍና የመብራቶቹን ዙሪያ እይ። ማግኔቱ በአንዱ ቦታ ጥብቅ ብሎ በሌላው ቦታ ከወደቀ ሥሩ ስቱኮ ነው። ትንሽ ስቱኮ ኃጢአት አይደለም። በእጅ የተስተካከለ ላሜራ ሁሉ ጥቂት ይፈልጋል። ማግኔት ጨርሶ የማይዝበት መዳፍ የሚያህል ቦታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ቀጥለህ ኮፈኑን ክፈት። ሞተሩን አትይ፤ ሻጩ እሱን እንድታይ ነው ያጠበው። የአሞርዛተሮቹን ጫፍ እይ። ተጨማሪው ላሜራ አለ? ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ነው? ፋብሪካ ላሜራን ከላሜራ የሚያያይዘው በነጠብጣብ ብየዳ ነው። በተመሳሳይ ርቀት የተደረደሩ ትናንሽ ክብ ጎድጓዶች ታያለህ። በእጅ የተበየደ ቦታ መስመር ይሠራል፤ ተሞርዶ ቢለሰልስም ጎድጓዶቹ ይጠፋሉ። የፋብሪካውን ነጠብጣብ ያገኘህበት ቦታ ሁሉ የ1972ቱ ብረት ነው። ጠፍቶ ለስልሶ ያገኘኸው ቦታ ተነክቷል። መነካቱ ችግር የለውም፤ ሻጩ «ይህን ቦታ ቀይሬዋለሁ» ብሎ በራሱ አፍ ሊነግርህ ግን ይገባል።

ከሥሯ ለመግባት ሊፍት ያለው ጋራዥ ፈልግ። ክሪክ ብቻ አስነሥተህ ከሥሯ እንዳትገባ፤ ሰው ይሞታል። እላይ ስትሰቀል የባሌስትራዎቹን የፊት ማሠሪያ፣ ወለሉን፣ ክሪክ የሚገባባቸውን ቦታዎች፣ የሁለቱን ዘንጎች ማሠሪያ እይ። ከሥር ወፍራም ጥቁር ሬንጅ መሰል ቅብ ተለድፎባት ካገኘህ ልብህ ይጠራጠር። በደንብ የሠራ ሰው ሥራውን በሬንጅ አይደብቅም፤ በቀለም ነው የሚያሳየው።

በሮቹንም ክፈትና ዝጋ። በቀስታ ገፋ ስታደርጋቸው ሊዘጉ ይገባል። በበሩና በቦዲው መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ፣ ቦዲው ሲበየድ ሳይደገፍ ቀርቶ ጎብጧል ማለት ነው። ይህ በቀለም አይስተካከልም።

አሁን ወደ ማንነቷ። ሊብሬውን፣ ማለትም ቪ 5 ሲ የሚባለውን፣ በእጅህ ያዘው። በእሱ ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ከስም ሰሌዳው ጋር ብቻ ሳይሆን ላሜራው ላይ ከተመታው ቁጥር ጋርም መግጠም አለበት። ሰሌዳ ይገዛል አልኩህ። የተመታውን ቁጥር ዙሪያውን በጣትህ ዳስሰው፤ የብየዳ ጠርዝ፣ የስቱኮ ልስላሴ እንዳይኖር። ከዚያ ቁጥሩን ይዘህ የፎርድ ኤ ቪ ኦ ባለቤቶች ክለብ ጋ ሂድ። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን ለነዚህ መኪኖች የሰጡ ናቸው። ቁጥሩ የአቬሊ መኪና መሆን አለመሆኑን ይነግሩሃል። ብትጠይቃቸው አብሮህ ሊያይ የሚመጣም ልታገኝ ትችላለህ። ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ የእነሱ አንድ ሰዓት ይበልጥብሃል።

የኤም ኦ ቲ፣ ማለትም በእንግሊዝ አገር በየዓመቱ የሚደረገውን የመኪና ምርመራ ታሪኳንም እይ። በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ የታርጋ ቁጥሩን ስታስገባ ከ2005 ወዲህ ያለው በነጻ ይወጣልሃል። ከ40 ዓመት በላይ የሆነች መኪና ባለፉት 30 ዓመታት መሠረታዊ ለውጥ ካልተደረገባት ኤም ኦ ቲ አትገደድም። የመንገድ ግብርም ነጻ ናት። ብዙ ሻጭ ይህን እንደ ጥቅም ይነግርሃል። እኔ ግን እንዲህ በለው እላለሁ፦ «ለማንኛውም ኤም ኦ ቲ አስገባትና ወረቀቱን ልይ»። ክፍያው ከ55 ፓውንድ አይበልጥም፤ አንተ ክፈልለት። 41 ሺህ የሚጠይቅ ሰው ይህን እምቢ ካለ መልስ አግኝተሃል።

ስለ ሞተሩ ጥቂት ልበል። ባለ 2 ሊትር ሞተር ማስገባት በእርግጥ ፈጣሪዋ ራሱ በኋላ ያደረገው ነገር ነው። ፎርድ በ1973 በዚያችው ኤስኮርት ላይ 1,993 ሲሲ የሆነውን «ፒንቶ» ሞተር አስገብቶ አርኤስ 2000 ብሎ ሸጣት፤ 100 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ስለዚህ ባለ 2 ሊትሩ ፒንቶ ከሆነ ቤተሰብ ነው። ካምሻፍቱ ከላይ ነው፤ ዘይት የምትረጭለት ቀጭን ቱቦ አለች። እሷ ስትደፈን ካምሻፍቱ ይበላል። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሣው። ከላይ የማያቋርጥ ቀጭን የመዶሻ ድምፅ ከሰማህ ካምሻፍት ትቀይራለህ። አያስደነግጥም፤ ከዋጋው ትቀንሳለህ። የሞተሩ ቁጥርና ሲሲው ግን ሊብሬው ላይ መስተካከል አለበት። ካልተስተካከለ ሻጩ አስተካክሎ ይሽጥልህ፤ ኢንሹራንስህ በዚያ ይጨነቃል። ደግሞ ጠይቀው፦ የድሮው 1600 ሞተር የት አለ? በጋራዡ ጥግ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጦ ከሆነና አብሮ ከሰጠህ፣ ያ ትልቅ ነገር ነው። ሊመለስ የሚችል ለውጥ ነው ማለት ነው።

ሻጩ ነገ የሚደውልልህ ከሆነ እንዲህ በለው። «የብየዳ ፎቶ አለህ? ማን ነው የሠራት? እሱን ላነጋግረው?» ሦስቱንም ካሟላ፣ ክለቡም ቁጥሯን ካወቀ፣ ሞተሯ ፒንቶ ሆነም ኬንት ግዛት። ኢንሹራንስ ስትገባ ዋጋዋን አስቀድመህ የምትስማማበትን ዓይነት ውል ውሰድ። አለዚያ አንድ ቀን ብትጋጭ እንደ ተራ አሮጌ መኪና ይቆጥሩብሃል።

ማስረጃ ከሌላት ግን «ሜክሲኮ» የሚለውን ስም ከዋጋዋ ላይ አውጣው። በጥሩ ሁኔታ የተቀባች ባለ 2 ሊትር ተራ ኤስኮርት ብለህ ተደራደር። እንደዚያም ሆና ደስ የምትል መኪና ናት። ቀላል ናት፣ መሪዋ በእጅ ላይ ሕይወት አለው፣ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የኋላዋን በእግርህ ትመራዋለህ። በእሷ መደሰት ይቻላል። የማይቻለው በሜክሲኮ ዋጋ ገዝቶ መደሰት ነው።

ምናልባት ደግሞ በዚያው ገበያ ቀለሟ የደበዘዘ፣ ወንበሯ የተቀደደ፣ ግን ባለቤቷ ለ30 ዓመት የያዛትና ደረሰኝ በካርቶን ሙሉ ያላት ሜክሲኮ ታገኝ ይሆናል። እኔ ብሆን ወደ እሷ ነው የምሄደው። ቀለም በማንኛውም ጊዜ ይቀባል።

ሻጩ ፎቶዎቹን ከላከልህ ለእኔም ላካቸው። መጀመሪያ የማየው የአሞርዛተሩን ጫፍ ነው፤ ከተቻለ ሁለቱንም ጎን፣ በባዶ ብረቱ።